ስለ ብሩኖ ሳማርቲኖ ጥቂት ልጨምር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሬስሊንግ ታላላቆች ሲነሳ ብሩኖ ሳማርቲኖ በአንድ መስመር መታለፉ ያሳዝነኛል። ዛሬ WWE የሚባለውን የአሜሪካ የሬስሊንግ ድርጅት የሻምፒዮና ቀበቶ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1963 በኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከቡዲ ሮጀርስ ወሰደ፤ ፍልሚያው የፈጀው 48 ሰከንድ ብቻ ነበር። እስከ ጥር 1971 ድረስም ማንም አልነጠቀውም። ኢቫን ኮሎፍ ሲጥለው አዳራሹ ጭጭ በማለቱ ጆሮው የተጎዳ መስሎት እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

የሬስሊንግ ውጤት አስቀድሞ እንደሚወሰን ሁላችንም እናውቃለን። የሰውየው ሕይወት ግን ድርሰት አልነበረም። ጣልያን ውስጥ ፒዞፌራቶ በምትባል መንደር ተወልዶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ወታደሮች ሸሽቶ ከቤተሰቡ ጋር ተራራ ላይ ተደብቋል። እናቱ በነፍሷ ተወራርዳ ወደ መንደሩ እየወረደች ምግብ ታመጣላቸው ነበር። በ1950 ፒትስበርግ ሲደርስ በሽታ ያመነመነው፣ የትምህርት ቤት ጉልበተኞች የሚደበድቡት ልጅ ነበር፤ ክብደት ማንሳት የጀመረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1976 ከስታን ሃንሰን ጋር ሲገጥም አንገቱ ተሰብሮ እንኳ በወራት ውስጥ ተመልሶ ታግሏል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ግን ኋላ ያደረገውን ነው። ስቴሮይድና አደንዛዥ ዕፅ ሙያውን ሲያበላሹ በአደባባይ ተቃወመ። ከድርጅቱ ጋር ለረጅም ዓመታት ተኳርፎ ታላላቅ ታጋዮቹን የሚያከብርበትን የዝና አዳራሽ ግብዣ ሳይቀበል ቆየ፤ የገባው በ2013፣ የመድኃኒት ምርመራ መኖሩን ካመነ በኋላ ነው። በ2018 በ82 ዓመቱ አረፈ።

ወደፊት ስለ እሱ ስትጽፉ ይህን ክፍል እንዳትዘሉት አደራ እላለሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ