«የ2016» የተባለው ጎማ የየትኛው 2016 ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

እኔ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። በአንድ መኪና በሥራ ቀን አዲስ አበባ እየተመላለሱ፣ በዕረፍት ቀን ደግሞ በተዘጋ ሜዳ ፍጥነታቸውን የሚፈትኑ ወጣቶች ስለሚገዙት አስፋልት አጥብቆ የሚይዝ ጎማ ያለኝን ሐሳብ እንድታስነብቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ታላቁ ልጄ ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ነው። በቅርቡ ሜዳም መንገድም ይሆናል የተባለ አራት ለስላሳ ጎማ ገዝቶ መጣ። ሻጩ «የ2016 ምርት ነው፣ ገና ትኩስ ነው» ብሎታል። ጎማው ጎን ላይ፣ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ፣ 2316 የሚል ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ ዓመቱ ግን የሚቆጠረው በአውሮፓውያን ነው። ስለዚህ ጎማው የተመረተው በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ሰኔ አካባቢ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ምንም ሳይበላ፣ ጥቁረቱም ሳይደበዝዝ፣ ጥፍሬን ብጫንበት እንደ ቀንድ ደርቆ አገኘሁት። የዚህ ዓይነት ጎማ ዋጋው ልስላሴው ነው፤ ላስቲኩ በዕድሜና በተደጋጋሚ ሙቀት ሲደርቅ ገዢው የከፈለበት ነገር አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ውኃ ነው። በአብዛኛው ለሜዳ የታሰቡ ጎማዎች የጥርሳቸው ቦይ ጥቂትና ጥልቀት የሌለው ነው፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ብዙ ላስቲክ መሬት እንዲነካ ስለሚረዳ ለሜዳው ጥሩ ነው። በሐምሌ ዝናብ በፍጥነት መንገዱ ላይ ውኃ ሲተኛ ግን ውኃውን የሚያስወጣው ያው ቦይ ነውና፣ መኪናው በውኃው ላይ ተንሳፍፎ መሪው በእጅ ላይ ይቀላል። ጎኑ ላይ ያለው የመያዝ ደረጃ «ኤ» ወይም «ኤኤ» መሆኑም ብቻውን አያስተማምንም፤ ደረጃው የሚለካው በእርጥብ መንገድ ቀጥ ብሎ ፍሬን ሲያዝ እንጂ በኩርባ ላይ አይደለም። ጎማው ቶሎ ወይም ቀስ ብሎ እንደሚበላ የሚያሳየውን የመበላት ቁጥርም አምራቹ ራሱ ስለሚሰጠው፣ የአንዱን ፋብሪካ 200 ከሌላው 200 ጋር እኩል አድርጎ መውሰድ ያሳስታል።

ስለ ንፋስ ግን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ሜዳ ላይ ጎማ ሲግል ግፊቱ ስለሚጨምር ወጣቶቹ በትኩሱ ያስተነፍሱታል። ጎማው ሲቀዘቅዝ ንፋሱ ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ ሳይሞሉት ማታ ወደ ቤት በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዱ የጎማው ጎን እየታጠፈ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ልጄ አሁን ከሜዳ ሳይወጣ የንፋስ መለኪያውን አውጥቶ ይሞላል፤ ይህን ሳያደርግ እንዳይመጣ ቃል አስገብቼዋለሁ።

አቅም ያለው ሁለት ዙር ቸርኬ ቢይዝ፣ የሜዳውን ጎማ በአንዱ፣ የመንገዱን በሌላው ቢያስር ይሻለዋል። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ግን ለሜዳው ጥቂት ሰከንድ ብሎ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ለሚሄድበት መንገድ ይምረጥ፤ ቦዩ ጥልቅ የሆነ የስፖርት ጎማ ለሁለቱም ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ።

ጎማ ሻጮችም የምርቱን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር በደረሰኝ ላይ እንዲጽፉ፣ የሚመለከተው አካልም ይህን እንዲያስገድድ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአዳማ፣ አንድ አባት