ባዶ ስለቀሩት አምስት ዓመታት

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ይድረስ ለተከበሩት ውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የደብረ ብርሃን ብርድ ከመንዙ ባይብስም፣ ሌሊት ሌሊት የማጠናው ጋቢ ደርቤ ነው። ይህን ደብዳቤ እኅቴ ቀስ ብላ እንድታነብልዎ፣ ቁጥር ያለበት ቦታ ስትደርስም ሁለት ጊዜ እንድትደግምልዎ አደራ ብያታለሁ።

ባለፈው ክረምት ስመጣ «ቅዳሜና እሑድን እንኳ ሳታርፍ የምትማረው ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ «ስታቲስቲክስ» ከማለት ያለፈ መልስ ሳልሰጥዎ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ለእኔም ገና አልገባኝም ነበር። አሁን መልሱን ያገኘሁት ከእርስዎው ደብተር ስለሆነ፣ ከሰው ሁሉ በፊት ሊሰሙት የሚገባው እርስዎ ነዎት።

መምህራችን እያንዳንዳችን ከምናውቀው ቦታ መረጃ አምጥተን እንድንተነትን ባዘዙን ጊዜ፣ ያ ከጎታው በላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ደብተር ትዝ አለኝ። ከ1993 እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ፣ የመኸሩ ገብስ ተወቅቶ ከአውድማ በገባ ቁጥር፣ ከቤታችን በታች ካለው ማሳ የተገኘውን ኩንታል ጽፈውበታል። ገጽ በገጽ ገልብጬ ኮምፒዩተር ላይ አሰፈርኩት። ሃያ አራት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኙ ቁጥር አላቸው፤ በአምስቱ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተጽፎ ፊቱ ባዶ ነው። ስለ ባዶዎቹ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ደብዳቤውን የምጽፈውም ስለ እነርሱ ነው።

የአሥራ ዘጠኙ ዓመታት ምርት ተደምሮ 209 ኩንታል ሆነ፤ ለ19 ሲካፈል አማካዩ 11 ኩንታል ነው። ሁሉንም ቁጥሮች ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሬ ልክ መካከል ላይ የቆመውን ሳየው ግን 10 ኩንታል ሆኖ አገኘሁት፤ ይህን የመካከሉን ቁጥር ሚዲያን ይሉታል። ልዩነቱን ያመጣው ያ 23 ኩንታል የገባበት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጆንያ ሊያበድረን የመጣበት ዓመት ነው። እርሱን አንድ ዓመት ብቻ ብናነሳው አማካዩ ወደ 10.3 ይወርዳል፤ ሚዲያኑ ግን እዚያው 10 ላይ ይቀራል። አንድ የጥጋብ ዓመት አማካዩን ወደ ላይ መጎተት ይችላል፣ ሚዲያኑን ግን ከቦታው አያነቃንቀውም። ስለዚህ አንድ ሰው የእኛ ማሳ በተለመደው ዓመት ምን ያህል እንደሚሰጥ ቢጠይቀኝ፣ እኔ 10 ኩንታል እለዋለሁ።

አማካይ ብቻውን የማይነግረን ሌላም ነገር አለ። በየዓመቱ ሳይጓደል 11 ኩንታል የሚያስገባ ቤትና አንዱን ዓመት 6፣ ሌላውን ዓመት 16 የሚያስገባ ቤት በአማካይ እኩል ናቸው፤ ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ በግ አውጥቶ የሚሸጠው ሁለተኛው ነው። ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል ራቅ ራቅ ብለው እንደሚወድቁ የሚለካበትን ስሌት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይሉታል፤ የእኛ ማሳ 4 ኩንታል ወጣ። ለ11 ኩንታል አማካይ 4 ብዙ ነው፤ እርስዎ ሌሊት ወጥተው ሰማዩን ሲያዩ፣ ጥርት ብሎ ውርጭ ሊጥል ሲል እንቅልፍ ያጡበት የነበረውን ነገር ቁጥሩ ሲናገር ሰማሁት።

በዚህ ትምህርት ውስጥ ልቤን ከያዙት ሰዎች አንዱ ዊልያም ጎሴት የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ደብሊን ከተማ በጊነስ የቢራ ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ስለነበር ዕለት ተዕለት ከገብስ ጋር ነበር የሚውለው። የእርሱ ችግር የእኛው ችግር ነው፤ ያለው መረጃ ጥቂት ነው፣ ከዚያ ጥቂት ተነሥቶ ግን መወሰን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1908 «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ባሳተመው ጽሑፍ፣ ናሙናው ባነሰ ቁጥር የጥርጣሬያችንን ወሰን ምን ያህል ማስፋት እንዳለብን አሳየ። ያን ወሰን ለማግኘት፣ ብዙ መረጃ ያለው ሰው የአማካዩን የስሕተት መጠን በ1.96 የሚያባዛውን፣ የአምስት ዓመት መረጃ ብቻ ያለው ሰው በ2.78 ማባዛት ይኖርበታል። በእርሱ ዘዴ ስሠራው የማሳችን እውነተኛ አማካይ ከ9 እስከ 13 ኩንታል ባለው መካከል ሊሆን እንደሚችል ወጣልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጻፉት ይህን ያህል ብቻ ነው የሚያስረግጠው፤ ከዚያ በላይ አውቃለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ያ ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የመጣ ልጅ ትዝ ይልዎታል? ማሳችን ውስጥ ሜትር ዘርግቶ፣ አራት ሜትር በአራት ሜትር ከልሎ፣ በዚያች ውስጥ ያለውን ገብስ ብቻ አጭዶ መዘነው። የወደቀበት ቦታ ድንጋያማው ጥግ ስለነበር እርስዎ ቅር ብሎዎት «ደኅናው በዚህ በኩል ሳለ ለምን ከዚያ ትወስዳለህ?» ብለውት ነበር። እኔም ልጅ ነበርኩና ከእርስዎ ጋር ቅር አለኝ። አሁን ሳስበው ልጁ ትክክል ነበር። ቦታውን የሚመርጠው ዕጣ ነው፤ ልጁ ደኅናውን ቢመርጥ ኖሮ ወረቀቱ ላይ አገሩ ሁሉ የጠገበ ይመስል ነበር። ያቺ ቦታ 16 ካሬ ሜትር ስለሆነች ሄክታር ለመሆን 625 ጊዜ ትደገማለች፤ 3 ኪሎ ከ200 ግራም ከወጣባት በሄክታር 20 ኩንታል ነው ማለት ነው። መነሻዋ ላይ የገባች ትንሽ አድልዎ 625 ጊዜ ትባዛለች። ይህን እርስዎም ሳይማሩት ያውቁታል፤ ገበያ ላይ እህል ሲገዙ ከአፉ ላይ ያለውን ዐይተው አያውቁም፣ እጅዎን እስከ ክንድዎ ድረስ ጆንያው ውስጥ ሰድደው ከታች ይዘግኑ ነበር።

አሁን ወደ ባዶዎቹ ልመለስ።

መጀመሪያ ስሠራው ኮምፒዩተሩ ባዶውን ስላስቸገረኝ አምስቱንም ዜሮ አድርጌ ሞላኋቸው፤ አማካዩ ወደ 8.7 ወረደ። መምህራችን አይተው «በእነዚህ ዓመታት ማሳው ምንም አልሰጠም? ወይስ አልተጻፈም?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በሁለተኛው ጊዜ አምስቱን ከነጭራሹ አውጥቼ በአሥራ ዘጠኙ ብቻ ሠራሁት፤ ቅድም የነገርኩዎ 11 ኩንታል የመጣው እንዲህ ነው። ንጹሕ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን የባዶዎቹን ዓመተ ምሕረት አንድ በአንድ ሳነብ እጄ ቆመ፦ 1995፣ 2001፣ 2003፣ 2008፣ 2014።

የ1995ቱ ድርቅ አገር ያወቀው ነው። የ2008ቱም የኤልኒኖ ዓመት ነው። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ሰው ሰብሉን ጥሎ የሸሸበት ወር ስለነበር የእርሱን አልጠይቅዎም። እንግዲህ ባዶዎቹ እንዲያው በአጋጣሚ የተዘለሉ ዓመታት አይደሉም፤ ባዶ የሆኑት ክፉ ስለነበሩ ነው። ክፉዎቹን ዓመታት አውጥቼ የቀሩትን ብቻ ማስላቴ፣ ያ ልጅ ዕጣውን ትቶ ደኅናውን ጥግ ቢያጭድ ኖሮ ከሚሠራው ስሕተት በምንም አይለይም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብርሃም ዋልድ የሚባል የሒሳብ ሊቅ ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞት ነበር። ከውጊያ የተመለሱት አውሮፕላኖች በጥይት የተበሱበት ቦታ ሲቆጠር፣ የተበሳው ይጠንከር የሚል ሐሳብ መጣ፤ እርሱ ግን የተቆጠሩት ተመልሰው የመጡት ብቻ መሆናቸውን አስቦ፣ በተመለሱት ላይ ቀዳዳ ያልታየበት ቦታ ነው መጠንከር ያለበት፣ እዚያ የተመቱት አልተመለሱምና፣ የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። መምህራችን ይህን ሲያስረዱን እኔ የማስበው ስለ ደብተርዎ ነበር።

ከሁሉ ያሳዘነኝ 2001 ነው። እኔ ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ከተማ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ስንቅ ሊያደርሱልኝ መጥተው «ገብሱ እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቅዎ «ደኅና ገብቷል፣ አንተ ትምህርትህን ያዝ» አሉኝ። ሁለቱ በጎች የት እንደሄዱ ግን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ፣ ያን ዓመት ደኅና እንዳልገባ ከአንድ ባዶ መስመር ተረዳሁ። ይህን ስጽፍልዎ ልወቅስዎ አይደለም፤ ያላወቅሁትን ዛሬ ማወቄን እንዲያውቁልኝ ነው።

ስለዚህ አባቴ፣ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ከእኅቴ ጋር ተቀምጠው እነዚያን ዓመታት ያስቡልኝ፤ የ2014ቱንም ቢሆን ፈቃድዎ ከሆነ ብቻ። ስንት ኩንታል እንደገባ ቁርጡን ባያስታውሱት «ከሁለት እስከ አራት» ብለው ቢነግሯት ይበቃኛል፤ በኩንታል ካልሆነ በቁና ወይም በዳውላ ይንገሯት፣ እኔ እዚህ እመነዝረዋለሁ። ፈጽሞ የማያስታውሱትን ዓመት «አይታወሰኝም» ብላ ትጻፍ እንጂ በግምት አትሙላው። ለምሳሌ በአምስቱ ዓመታት ሦስት ሦስት ኩንታል ገብቶ ቢሆን አማካዩ 11 መሆኑ ቀርቶ 9.3 አካባቢ ይሆናል፤ ሥራዬንም በዚያ አስተካክዬ አስረክባለሁ። ውርጭ ይሁን ዝናብ ማጣት ወይም ሌላ፣ ምክንያቱንም በየዓመቱ ፊት ትጻፍበት፤ እንዲያውም ከቁጥሩ ይልቅ የምፈልገው እርሱን ነው።

ደብተሩን ራሱን አይላኩት፤ እዚያው ጎታው በላይ ይቀመጥ። የዘንድሮውን ውቂያ ስትጨርሱ በ2017 ፊት የገባውን፣ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ እኅቴ በእርስዎ ቃል ትጻፍበት። የዓይን ሐኪሙን ቀጠሮ ለጥር አስይዣለሁ፤ ለጥምቀት መጥቼ አብረን እንወርዳለን።

ለእናቴ እጅ ነሥቻለሁ በሉልኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አክባሪ ልጅዎ