ስለ ሊንከንና ስለተዘጉት ጋዜጦች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ፕሬዚዳንት ሊንከንም በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጋዜጣ ስለዘጋ እኛም በጦርነት ጊዜ ብንዘጋ አያስነቅፍም ብለዋል። መዘጋቱ እውነት ነው። መጨረሻው ግን አልተነገረም።

እ.ኤ.አ. በጁን 1863 የሊንከን ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል በርንሳይድ ቺካጎ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ እንዲዘጋ አዘዘ፤ ጁን 3 ንጋት ላይ ወታደሮች ማተሚያ ቤቱን ያዙ። በማግስቱ ሊንከን ራሱ ትእዛዙን ሻረው። ሜይ 18 ቀን 1864 ደግሞ ሁለት የኒው ዮርክ ጋዜጦች 400,000 ሰው ለዘመቻ የሚጠራ የሐሰት አዋጅ አትመው ተዘጉ። ወረቀቱ የደረሳቸው ሊነጋጋ ሲል፣ የዜና አገልግሎት መልእክት መስሎ ነበር። ጠንሳሹ በአዋጁ ድንጋጤ የወርቅ ዋጋ ሲንር ሊያተርፍ ያሰበ ጋዜጠኛ ሆኖ ተገኘና ጋዜጦቹ በቀናት ውስጥ ተከፈቱ። ከማተማቸው በፊት ጠይቀው ያጣሩ ሌሎች ጋዜጦች አልተታለሉም። ሐሰትን የሚያስቀረው ይኸው ነው።

ከመዝጋቱ የከፋው የቴሌግራፉና የፖስታው ነገር ነው። መንግሥት ቴሌግራፉን ያዘ፤ በ1861 ፖስታ ቤቱ አንዳንድ የኒው ዮርክ ጋዜጦችን አላደርስም አለ። ታትሞ አንባቢ እጅ ያልገባ ጋዜጣ ከተዘጋው በምን ይለያል? የደሴ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጋዜጣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው የሚደርሰን። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ መንገዱ ተዘግቶ ስልኩም ሲቋረጥ፣ ማን ይሽሽ ማን ይቆይ የሚለውን የወሰነው ወሬ ነበር።

የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን (ሳንሱርን) ከልክሏል። ይህ መብት በአስቸኳይ ጊዜ ሊገደብ እንደሚችል አንክድም። ነገር ግን ገደቡን የፈቀደው አንቀጽ 93 ራሱ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው መርማሪ ቦርድ በአዋጁ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በ1 ወር ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ያዛል። አስቸኳይ ጊዜ በታወጀ ቁጥር የዚህ ግዴታ መፈጸም አብሮ ሊጠየቅ ይገባል።

የጦር አሰላለፍና የጉዞ አቅጣጫ ይቆይ፤ እንስማማለን። የተፈናቃዩ ቁጥር፣ የጤፍ ዋጋ፣ ክፍት የሆነው መንገድና የሚሠራው ሆስፒታል ግን ሊቆዩ አይችሉም። እገዳ ሲመጣ በጽሑፍ ይምጣ፤ የትኛው ዘገባ እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘ፣ መቼ እንደሚያበቃ ይጻፍበት። የቃል ትእዛዝ ፍርድ ቤት ይዘውት የሚሄዱት ነገር የለውም።

ከእናንተም አንድ ነገር እንለምናለን፦ ዘገባ ሲነሳባችሁ ቦታውን በማስታወቂያ አትሙሉት። ባዶውን ተዉትና «ታግዷል» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከደሴ