ሰርተፍኬቱ ከመታተሙ በፊት

ደሴ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ በርትቶብናል፤ የጦሳን ተራራ ጉም ከሸፈነው ሳምንት አለፈው። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ጥፋት ነው፣ ምክንያት አልደረድርልሽም፣ ይቅር በይኝ። ዛሬም ብዕር ያስነሣኝ ጉዳይ መሆኑን አልደብቅሽም። ግን ጉዳዩ የአንቺም ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ ወሬ ወሬን እያነሣው ሳልጨርስ እንለያያለን። «ያልተጻፈ እንዳልተባለ ነው» እያልሽ ስትነዘንዢን የኖርሽው አንቺው አይደለሽ?

የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበራችን ለረጅም ዘመን በነጻ ያገለገሉትን በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ሊያመሰግን ነው። ቀኑ እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ሆኗል። የዓለም የቁጠባና ብድር ማኅበራት ቀን በፈረንጆቹ ኦክቶበር ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር የዚህኛው ጥቅምት 6 ነው። ሐሙስ መምህሩ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ወደ እሑድ ገፋነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2025ን የኅብረት ሥራ ዓመት ማለቱም ኮሚቴውን አነቃቅቶታል። ዝግጅቱ የወደቀው እኔ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ አስራ አንድ ስም ይዞ መጣ፤ ከእያንዳንዱ ስም ሥር «ለማኅበሩ ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» የምትል አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር። ይህንን እኮ ለማንም መስጠት ይቻላል! አስራ ሁለት ዓመት የሰው ገንዘብ ቆጥሮ አንድ ብር ያላጎደለ ሰውና አንድ ጊዜ ተመርጦ ሁለት ስብሰባ የመጣ ሰው እኩል ወረቀት ይዘው ከወጡ፣ የመጀመሪያውን ሰው አላከበርነውም፣ አሳዝነነዋል። ስለዚህ ዘመን እንቁጠር አልኩ። መከራዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩን ታውቂዋለሽ። እነርሱ ባገለገሉበት ዘመን በነበረው በ147/1991 አዋጅ የሥራ አመራር ኮሚቴ ዘመን 3 ዓመት ነበር፤ ከሁለት ተከታታይ ዘመን በላይ መመረጥ አይቻልም ነበር። ስለዚህ «ሃያ ዓመት ሊቀመንበር» የሚባል ሰው ሊኖር አይችልም፣ ከተባለም ወይ አቆጣጠሩ ተሳስቷል ወይ ሕጉ ተጥሷል። ረጅም ያገለገለ ሰው አገልግሎቱ የተቆራረጠ ነው፦ 6 ዓመት ሥራ አመራር፣ ከዚያ ወርዶ ብድር ኮሚቴ፣ ወይም ቁጥጥር ኮሚቴ፣ ከዚያ ተመልሶ ሥራ አመራር። ቆጣሪው የሥራ አመራሩን ብቻ ካየ ግማሹን ዕድሜ ይጥልበታል።

እኔ የያዝኩት መንገድ ይኸውልሽ። ዓመቱን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ቆጠርኩ፣ ሒሳባችን የሚዘጋው በዚያ ስለሆነ። ለእያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ የተመረጠበትን የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ፈለግኩ። ቃለ ጉባኤ መመረጡን እንጂ መሥራቱን አያስረዳምና ሁለተኛ ማስረጃ ጨመርኩ፦ ለባንክ የተጻፈውን የፈራሚ ለውጥ ደብዳቤ። ባንክ ፈራሚ ሲቀየር ያለ ደብዳቤና ያለ ቃለ ጉባኤ ቅጂ አይቀበልም፤ የእኛ ፋይል ቢጠፋ እንኳ የእነርሱ ዘንድ ይገኛል። ሦስተኛው የኦዲት ሪፖርቱ ነው፣ በዘመኑ የነበሩ ኃላፊዎች ስም ይሰፍርበታል። ፈራሚ ላልነበሩት የብድር ኮሚቴ ሰዎች ደግሞ የጸደቀ የብድር ማመልከቻ ወረቀት፣ የሦስቱም ፊርማ ስላለበት። ሁለት ማስረጃ የተገኘለት ዓመት ይቆጠራል፣ አንድ ብቻ ያለው ከጎኑ ምልክት ተደርጎበት በሕይወት ያሉ የሥራ ባልደረቦቹ ይጠየቃሉ። ማዕረጉንም በ6፣ በ9፣ በ12 እና በ15 ዓመት ከፈልኩት። አምስትና አስር ዓመት ማለት የሰውየውን ዘመን መሐል ላይ መቁረጥ ነው።

ጋሼ ሊቀመንበሩን በዚህ ስቆጥራቸው ከ1995 እስከ 2000 ስድስት ዓመት፣ ከ2004 እስከ 2009 ሌላ ስድስት ዓመት ወጣላቸው። መሐሉ፣ ከ2001 እስከ 2003፣ ባዶ ነው። ብድር ኮሚቴ ውስጥ እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ የዚያ ዘመን የብድር ኮሚቴ መዝገብ ግን በ2014ቱ ጦርነት ከጠፉት አንዱ ነው። እርሳቸውን ብጠይቃቸው «አስራ ሁለቱ ይበቃል፣ ተይው» አሉኝ። አይበቃም!

የእርሳቸው ሰርተፍኬት ላይ ምን እንደሚጻፍ ግን ወስኛለሁ። ወለዱን ከጠፍጣፋ ወደ ቀሪ ዕዳ ያዞሩት እርሳቸው ናቸው። በጉባኤው ላይ ሲነበብ ወጣቶቹ እንዲገባቸው ስሌቱንም አስገባለሁ፦ 40,000 ብር፣ በዓመት 12 በመቶ፣ በ24 ወር የሚመለስ። በጠፍጣፋው አሠራር፣ ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ሙሉ ብድር ላይ ሲታሰብ፣ ተበዳሪው የሚከፍለው ወለድ 9,600 ብር ነበር። ዋናውን በእኩል እየከፈለ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ሲታሰብ ግን የመጀመሪያው ወር 400 ብር ይሆንና በየወሩ እየወረደ የመጨረሻው 16 ብር ከ67 ሳንቲም ይሆናል፤ ድምሩ 5,000 ብር። አንድ መምህር በአንድ ብድር 4,600 ብር ኪሱ ውስጥ ቀረለት። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር አልነበረንም፤ የእያንዳንዱን ተበዳሪ የክፍያ ሰንጠረዥ በእጅ መሥራት ማለት ነበር፣ እርሳቸውም ሠሩት። «የላቀ አስተዋጽኦ» የምትለዋ ሐረግ ይህንን ትሸከማለች?

እትዬ ገንዘብ ያዧንም እንዲሁ። ከ2014ቱ ጥቅምትና ኅዳር በኋላ ቢሮ ገብተን ሌጀሩን፣ ዋናውን የሒሳብ መዝገብ፣ ስናጣ ምን እንደተደረገ አንቺ በቦታው አልነበርሽም፣ ስለዚህ ልንገርሽ። መጀመሪያ የአባላቱ የቁጠባ ደብተር በሙሉ እየተፈረመ ተሰበሰበ። ከዚያ መነሻው ተያዘ፦ ሰኔ 30 ቀን 2013 የተዘጋውና ኦዲት የተደረገው ቀሪ ሒሳብ፣ ግልባጩ ወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ነበር። በላዩ ላይ ከሐምሌ ጀምሮ ከደመወዝ የተቆረጠው ከፔሮል ዝርዝር እየተነበበ ተደመረ፣ ከባንክ መግለጫው ጋርም ተመሳከረ። ችግሩ ደብተሩ ላይ ነው፤ አባሉ በየወሩ አምጥቶ አያስመዘግብምና ደብተሩ ከፔሮሉ ሁለትና ሦስት ወር ወደኋላ ይቀራል። ብድር ያለበት ሰው ደግሞ ከደመወዙ የተቆረጠው የትኛው ቁጠባ፣ የትኛው የዋና ተመላሽ፣ የትኛው ወለድ እንደሆነ መለየት አለበት። እትዬ ልዩነት የተገኘበትን እያንዳንዱን አባል ጠርተው፣ አስማምተው፣ አስፈርመው ነው ሌጀሩን እንደገና የከፈቱት። ደመወዝ የላቸውም፣ የስብሰባ አበል እንኳ ያን ዓመት አልተከፈለም። ይህ በስማቸው ሥር ቃል በቃል ይጻፋል።

ስለ ሴቶች ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ካናዳ ውስጥ አልፎንስ ዴዣርደን በ1900 እ.ኤ.አ. በሌቪ ከተማ የመጀመሪያውን የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲያቋቁም የፓርላማውን ንግግር የሚመዘግብ ጸሐፊ ስለነበር ምክር ቤቱ በሚሰበሰብባቸው ወራት ኦታዋ ነበር። በሌለበት ሥራውን ቤታቸው ሆና የመራችው ሚስቱ ዶሪሜን ናት፣ ያለ ደመወዝ። የእኛም ዝርዝር እንዲህ ያለ ቀዳዳ አለበት፤ የተመረጠን ብቻ ይቆጥራል። ሃያ ዓመት የቁረጣ ዝርዝራችንን ሳታዛንፍ ያዘጋጀችልን የፔሮል ሠራተኛ በየትኛውም ኮሚቴ የለችም። ለእንዲህ ያሉት ለብቻው አንድ ምድብ ከፍቻለሁ።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርሽ። አያ ቁጥጥሩን። ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው፣ አላህ ይማራቸው። ሰርተፍኬታቸውን ባለቤታቸው ከሐይቅ ከተማ መጥተው እንዲቀበሉላቸው ተወስኗል። እኔ ግን ደብዳቤውን ከመጻፌ በፊት ፋይላቸውን ልይ ብዬ ባወጣው፣ ቁጠባውና ዕጣው (የአክሲዮን ድርሻው) ለቤተሰቡ ተከፍሏል፣ የሞቱበት ዓመት የትርፍ ድርሻ ግን እስከ ዛሬ በስማቸው ተቀምጧል። ክፍያው የተፈጸመው ጉባኤው ትርፍ ከማከፋፈሉ በፊት ስለነበር ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም። አስቢው እስቲ! የሰውየውን ገንዘብ ይዘን ለሚስቱ የምስጋና ወረቀት ልንሰጥ ነበር። ለዚያውም የቁጥጥር ኮሚቴውን ሰው።

አሁን ለሁሉም ሟቾች አንድ ደንብ አውጥቻለሁ። የወራሽ መግለጫ ቅጹ ፋይሉ ውስጥ መኖሩ ይታያል፤ ከሌለ ቤተሰቡ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፣ እርሱ ደግሞ ጊዜ ይወስዳልና ከአሁኑ ይነገራቸዋል። ቁጠባ፣ ዕጣ፣ የትርፍ ድርሻ፣ ሦስቱም ለየብቻ ይጣራሉ። ሟቹ ዋስ የሆኑለት ያልተከፈለ ብድር ካለ ተበዳሪው ሌላ ዋስ ይተካል፣ ያ ዕዳ ቤተሰቡ በር ላይ እንዳይሄድ። ገንዘቡ ከመስከረም ሳይወጣ በጸጥታ ይከፈላል። ጥሪው የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም በስልክ ሳይሆን በሰው፦ አንድ ከእኛ፣ አንድ ከእነርሱ ቅሬ (ዕድር)። በአንድ ቀን ገንዘቡንም ጥሪውንም ይዞ መሄድ ደግሞ አይሆንም፣ መሸንገያ ይመስላል።

ስጦታውን በተመለከተ ክርክር ነበር። አንዳንዶቹ ጥሬ ገንዘብ ይሰጥ አሉ። እኔ አልተስማማሁም፤ በነጻ የተሠራን ሥራ በ5,000 ብር ከመነዘርሽው ከዚያ በኋላ ዋጋው 5,000 ብር ነው። ጋቢ ይሁን ተባለ፣ በትልቅ ሰው እጅ ትከሻቸው ላይ የሚደረብ። ወጪው ከመጠባበቂያው እንዳይነካ፤ ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው ለድግስ አይደለም። ጉባኤው ባጸደቀው በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ ርዕስ ይኑረው፣ በሦስት ፕሮፎርማ ይገዛ፣ ሻጩ የኮሚቴ ዘመድ አይሁን። አያ ቁጥጥሩ ቢኖሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነበር።

የዕለቱ ቅደም ተከተልም ብልሃት ይፈልጋል። የትርፍ ድርሻው ከተነገረ በኋላ ሰው ይበተናል፣ ምስጋናው መጨረሻ ላይ ከሆነ ተመስጋኞቹ ለባዶ ወንበር ነው የሚቆሙት። መጀመሪያ ከሆነ ደግሞ ኦዲቱ ሳይሰማ ኃላፊ ማወደስ ይሆናል። ስለዚህ ምልዓተ ጉባኤው ተረጋግጦ የኦዲት ሪፖርቱ ይነበባል፣ ወዲያው ምስጋናው፣ ከዚያ ትርፍ ክፍፍል፣ ከዚያ ምርጫ። ዘንድሮ ለምርጫ የሚቀርብ ሰው ዘንድሮ አይመሰገንም፣ ቅስቀሳ እንዳይሆን። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ደቂቃ ይበቃል፣ ንግግር የለም፣ የሠራው ይነበባል። ምርቃቱ እንደ አገራችን ነው፣ አንድ ሸህና አንድ ቄስ ጎን ለጎን።

ፊርማውም ነገር ነበረው። የአሁኑ ሊቀመንበር ራሱ ከተመስጋኞቹ አንዱ ነው፤ ለራሱ ሊፈርም ነበር። የእርሱን ምክትሉ ይፈርማል፣ ማኅተም ያው ነው።

እህቴ፣ አሁን ወደ ልመናዬ። ያቺ አረንጓዴ ማስታወሻ ደብተርሽ አለች? ብድር ኮሚቴ ጸሐፊ ሳለሽ ከመዝገቡ በፊት ረቂቁን የምትጽፊባት። ከ2001 እስከ 2003 ያለውን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ቀኑና የተገኙት ስም በግልጽ ይታይ። ደብተሩን በሰው እጅ እንዳትልኪው፣ እለምንሻለሁ። ከጳጉሜ በፊት ቢደርሰኝ ማተሚያ ቤት ለመስከረም 15 እደርሳለሁ።

እና አንድ ነገር... እንዴት እንደምነግርሽ ስፈራ ነው እስከዚህ ያረዘምኩት። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የአንቺ ስም አልነበረም። ወደ አዲስ አበባ ከሄድሽ ወዲህ በአባልነት መዝገብ ስለሌለሽ ዝርዝሩን ያወጣው ልጅ አላገኘሽም፣ እኔም ሳነብበው አልፌው ነበር። የ2002 የብድር ማመልከቻ ካርቶን ስፈታ ነው ፊርማሽ ከጋሼ ፊርማ ሥር ወረቀት በወረቀት የወጣው። ብድር ኮሚቴ ከ2001 እስከ 2006፣ ሥራ አመራር ጸሐፊ ከ2007 እስከ 2009። ዘጠኝ ዓመት ነው። ጨምሬዋለሁ። እሑድ ስለሆነ ቅዳሜ ተሳፍረሽ ብትመጪ፣ እኔ ጋ ታድሪያለሽ፤ ቡናው እስከ በረካ ነው።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው

ማስታወሻ፦ የአያትሽ ስም በቁጠባ ደብተርሽ ላይ በሐመሩ «ሐ» ነው፣ በቃለ ጉባኤው ላይ በብዙኃኑ «ኀ»። በየትኛው ይታተም?