ቀለሙን ከመፋቅህ በፊት

ወንድም ዓለም፣

ጠፋሁብህ፤ ይቅር በለኝ። ወቀሳህን ስንገናኝ በሙሉ እሰማለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ያንን የድሮ የውድድር ብስክሌት ሙልጭ አድርገህ ፍቀህ ልታስቀባው ነው መባሉ ነው። እባክህ ቆይ! አንተ ደግሞ አንዴ ካሰብክ እጅህ አይታገስም።

ጭረት አያሳፍርም። ፍሬሙ ላይ የተለጠፈው ምልክት ግን ከተፋቀ አይመለስም፤ የእንግሊዙን የብረት ቱቦ ስም «ሬይኖልድስ 531»ን የያዘ ከሆነ ብረቱ የቱ እንደሆነ የሚነግርህ እሱ ነው። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የጣሊያኑ ኩባንያ የካምፓኞሎ «ኑቮ ሬኮርድ» ከሆነ ደግሞ «ፓተንት» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እይ፤ 74 ካለ ዕቃው በፈረንጆቹ 1974 የተሠራ ነው። መቀየሪያ ግን ይለወጣልና በእሱ ብቻ የብስክሌቱን ዕድሜ አትቁረጥ።

የሚያሳስበኝ የፔዳሉ አክሰል የሚያልፍበት ቱቦ ነው። ወርዱን ለካ። 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ የጣሊያን ልክ ነው፤ 68 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝ ወይም የፈረንሳይ። በቱቦው ግራና ቀኝ ጫፍ በጥርስ እየተጠመዘዙ የሚገቡ፣ የአክሰሉን ኳሶች የሚይዙ ኩባያዎች አሉ። የእንግሊዙ የቀኝ ኩባያ የሚፈታው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ነው፤ የጣሊያኑና የተለመደው የፈረንሳይ በተቃራኒው። ሳታውቅ በረጅም ቁልፍ ከታገልከው እያጠበቅኸው ጥርሱን ትበላዋለህ፤ ያኔ ፍሬሙን ማዳን ከባድ ነው። ስትገጥም በየጎኑ ሩብ ኢንች የሆኑ 11 አዳዲስ የኩሽኔታ ኳሶች በግራሶ አስቀምጥ። አሮጌና አዲስ አትቀላቅል፤ ጭነቱን ትልልቆቹ ብቻ ይሸከሙታል።

የኮርቻው ዘንግ አልወጣ ካለ አትቀጥቅጠው። አሉሚኒየም ብረት ውስጥ ሲቆይ ዝገቱ ያብጥና ይቆልፈዋል። አክሰሉን ካወጣህ በኋላ ፍሬሙን ገልብጠህ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ከታች በኩል አፍስስበት፤ ለቀናት ተወው፤ ከዚያ እያወዛወዝክ ሳብ። ክሮሙን በውሃ በራሰ የአሉሚኒየም ፎይል እሸው፤ ይበቃዋል።

ጎማም አትግዛ ገና። 27 ኢንቹ ቸርኬ 630 ሚሊ ሜትር ነው፣ 700ሲ የሚባለው ልክ ደግሞ 622፤ አንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም። ቸርኬውንም ከ27 ኢንች ወደ 700ሲ ልቀይር ካልክ የፍሬኑ ላስቲክ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት መቻሉን አስቀድመህ አረጋግጥ።

ሌላም ልጠይቅህ የፈለግኩት ነበር... እማማ እንዴት ናቸው? ደውዬ ብጠይቃቸው ይቀየሙኝ ይሆን? እሱን በደብዳቤህ ንገረኝ። የቱቦውን ወርድና የመቀየሪያውን ቁጥርም አብረህ ላክልኝ፤ እስከዚያ የቀኙን ኩባያ አትንካው።

ናፋቂህ