ለሠዓሊዋ ልጄ፣ ስለ ፈረሶችሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሦስቱ ሥዕሎችሽ ደርሰውናል። ዳማው ፈረስ በኋላ እግሮቹ የቆመበትን እናትሽ ሳሎን ሰቅላዋለች። እኔን ግን ሦስት ቀን ሙሉ ያፈዘዘኝ የሚጋልበው ነው። አንገቱ ላይ ብሩሽሽን አንድ ጊዜ ብቻ አሳርፈሽ ተውሽው፤ ቀለሙ በእርጥቡ ወረቀት ላይ ራሱ ሮጦ ጋማ ሆነ። ይህን እጅ ከየት አመጣሽው?

እግሮቹ ላይ ግን አልተስማማንም። የፊቶቹን ወደ ፊት፣ የኋላዎቹን ወደ ኋላ ዘርግተሽ አንሳፈፍሽው። የድሮ የአውሮፓ ሠዓሊዎችም እንዲሁ ይሥሉ ነበር፤ ማይብሪጅ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1878 የሚጋልብ ፈረስ በተደረደሩ ካሜራዎች እስኪያነሣ ድረስ። ትተሽው በሄድሽው መጽሐፍ ውስጥ ፎቶግራፎቹን አይቻቸዋለሁ። አራቱም እግሮች መሬት ሲለቁ ሆድ ሥር ተሰብስበው ነው።

እኔ ይህን የማውቀው በጆሮዬ ነው። ባሕር ዳር መጥቼ ጋሪ ከመንዳቴ በፊት፣ ዳንግላ ልጅ ሳለሁ የአባቴን ፈረስ እጋልብ ነበር። በደንገላሳ፣ ከግልቢያ ዝግ ባለው ሩጫ፣ ሲሄድ ኮቴው ሦስት ጊዜ ይመታና ለአፍታ ዝም ይላል። ፈረሱ አየር ላይ የሚሆነው በዚያች ዝምታ ነው። አንቺ ዝምታዋን በአቧራና በጥላ ደፈንሻት። የውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ከሆዱ ሥር ያለውን ወረቀት ተዪለት፤ የቀለም መስመሩንም እዚያ ጋ አቋርጪው።

ባለፈው እሑድ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሬ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምኩ። ግድግዳው ላይ የተሣሉትን የቅዱስ ጊዮርጊስን ነጭ ፈረስና የቅዱስ መርቆሬዎስን ጥቁር ፈረስ ቆሜ አየኋቸው። አምስት ዓመትሽ ሳለ ጥቁሩን «ይነክሰኛል» ብለሽ ጋቢዬ ውስጥ የተደበቅሽው ትዝ ይልሻል? ያ የሚያስፈራ ዓይን በሥዕሎችሽ ውስጥ አላገኘሁትም። ፈልጊው ልጄ።

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ይከበራል። ፈቃድ ጠይቀሽ ነይ፤ ወረቀት በብዛት ያዢ። እኔ አጠገብሽ ቆሜ ኮቴውን እቆጥርልሻለሁ፤ ዝም ሲል ትከሻሽን መታ አደርግሻለሁ።

አባትሽ
ባሕር ዳር