ቤዝ ጊታራችሁ ዝዝ ሲል፦ ትራስ ሮዱን ከማጥበቃችሁ በፊት

አዲስ አበባ፣ አራዳ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ ወጥቶ አየሩ መድረቅ ሲጀምር ዝዝ የሚሉ ቤዝ ጊታሮች ይበዛሉ። እንጨት እርጥበት ሲስብም ሲያጣም ይንቀሳቀሳል። ሐምሌ ላይ በደንብ የተስተካከለ አንገት አሁን በፀጉር ስፋት ቢለወጥ እንኳ ክሩ ፍሬት (በአንገቱ ላይ የተደረደሩትን የብረት መስመሮች) ለመንካት ይበቃዋል። ችግሩ የሚብሰው ግን ብዙ ጊዜ በእጅ ነው፦ ዝዝ ሲል “የላላ ነገር አለ” ብሎ ትራስ ሮዱን፣ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረውን ብረት፣ ማጥበቅ። ዝዝታው ከናቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት ቁራጭ) እስከ አምስተኛው ፍሬት ባለው ክፍል ላይ ከሆነ ማጥበቅ ያባብሰዋል፤ እዚያ የሚያስፈልገው ማላላት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከ45 እስከ 105 ውፍረት (በሺህኛ ኢንች) ያላቸው አራት ክሮች በመደበኛ ቅኝት ሲወጠሩ አንገቱን በ80 ኪሎ ገደማ ይስቡታል፤ አንድ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ይህን ጉተታ የሚመክተው ትራስ ሮዱ ነው። የትራስ ሮዱ ዳዶ ወደ ቀኝ ሲዞር አንገቱ ይቀናል፣ ከልክ ካለፈም መሃሉ ወደ ክሮቹ ጉብ ይላል። ወደ ግራ ሲዞር ክሮቹ አንገቱን ስበው መሃሉን ጎድጎድ ያደርጉታል። ይህ ትንሽ ጎድጎድ ማለት የግድ ያስፈልጋል፤ የተመታ ክር መወዛወዣ ቦታ ይፈልጋልና፤ ችክችካ በጠንካራ ጣት ለሚመታ ሰው ደግሞ ይበልጥ። በገና ላይ ዝዝታው በእንዚራ (ከክሩ ሥር በሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ሆን ተብሎ የሚወጣ የመሣሪያው ውበት ነው። ቤዝ ላይ ግን ድምፁን ሳይረዝም ይቆርጠዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን ፈልጉ። እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ እየተጫናችሁ በምትጫወቱበት ኃይል ምቱ። ከ1 እስከ 5 ባሉት ፍሬቶች ላይ ከሆነ አንገቱ ከልክ በላይ ቀንቷል ወይም ጉብ ብሏል። ከ12 ወዲህ ወደ ሆዱ በኩል ብቻ ከሆነ አንገቱ በጣም ጎድጉዷል፣ ወይም በብሪጁ (በሆዱ በኩል ክሮቹን በሚይዘው ብረት) ላይ ያሉት ሳድሎች፣ የክሮቹ ማረፊያዎች፣ ዝቅ ብለዋል። አንድ ኖታ ላይ ብቻ ከሆነ ከፍ ያለ ፍሬት አለ፤ ሳይጫኑት ሲመታ ብቻ ከሆነ ደግሞ የናቱ ጎድጓዳ ተበልቷል። እነዚህን ሁለቱን ትራስ ሮድ አያድናቸውም። የላላ የመቃኛ ዳዶ ወይም የፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ክፍል) ብሎንም እንዲሁ ዝዝ ይላል፤ በጣት ይዛችሁ ሞክሩት። በአምፕሊፋየር ውስጥ የማይሰማ ቀላል ዝዝታ ደግሞ ተዉት፤ እሱን ለማጥፋት ክሩን ከፍ ስታደርጉ እጃችሁን ታደክማላችሁ።

አሁን ልኬቱ። ክሮቹ ተቃኝተው፣ ጊታሩም ስትጫወቱ እንደምትይዙት ይሁን፤ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ካስተኛችሁት አንገቱ የተለየ ልኬት ይሰጣል። የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) እሰሩ፣ ወፍራሙን ክር የመጨረሻው ፍሬት ላይ በቀኝ እጅ ተጫኑ፣ በግራ እጃችሁ 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት አናትና ክሩ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። የምንፈልገው ከ0.30 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያው መካኒኮች ቫልቭ የሚያስተካክሉበት ፊለር ጌጅ ነው፤ መኪና ዕቃ ቤቶች ጠይቁ። ከሌላችሁ ግን ተራ የ80 ግራም ፎቶኮፒ ወረቀት አንዱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ቅጠል ክሩን ሳያነሳ ሾልኮ ካለፈ፣ አራተኛው ሲጨመር ክሩን ከነካ ልክ ነው። አንድ ብቻ ካስጨነቀ አንገቱ ቀንቷል። የኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱ ካለፈ በጣም ጎድጉዷል።

ቁልፉን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ብዙ ቤዞች 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር አሌንኪ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ይወስዳሉ፤ በኢንች የተሠሩት ግን 4.76 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁልፍ ሊፈልጉ ይችላሉ። 4.5 ቁልፍ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ይሽከረከራል፣ የዳዶውንም ጠርዝ ይበላል። የተበላ ዳዶ ማውጣት አንገት ከማስተካከል የበለጠ ሥራ ነው። ቁልፉ እስከ ሥሩ ገብቶ ያለ ጨዋታ መቀመጥ አለበት።

ከዚያ አንድ ስምንተኛ ዙር፣ ቢበዛ ሩብ። ከዚህ አትለፉ። እንደገና ቃኙ፣ እንደገና ለኩ፣ ጊታሩንም አሳድሩት፤ እንጨቱ ብረቱን ቀስ ብሎ ስለሚከተል የማታው ልኬት ጠዋት ላይ ላይገኝ ይችላል። ስታጠብቁ ክሮቹን ትንሽ ማላላት ዳዶውን ያቀለዋል። እጅ እምቢ ካለ እምቢ ብሏል፤ ቱቦ ጨምራችሁ አታስገድዱት፣ ብረቱ ይበጠሳል። ስታላሉ ደግሞ ዳዶው ምንም ሳይዝ ከዞረ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሠራው ዓይነት ትራስ ሮዱ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ልቅ የሆነው ብረት ራሱ አንገቱ ውስጥ ይንቀጫቀጫል፣ እናንተም አዲስ ዝዝታ መጣ ትላላችሁ።

የክር ከፍታ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፤ ትራስ ሮድ የከፍታ ማስተካከያ አይደለም። ካፖውን አውጥታችሁ 17ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር በወፍራሙ ክር 2.4፣ በቀጭኑ 2 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ማስተካከያው ሳድሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ብሎኖች ናቸው፤ ሁለቱንም ጎን እኩል አዙሩ፣ ሳድሉ እንዳያዘምም።

ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ የምትቃኙ ሰዎች ይህን ልብ በሉ፦ በዚያው ክር የውጥረቱ ኃይል በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አንገቱ ወደ ኋላ ይቀናል፣ ክሩም በሰፊው ይወዛወዛል። ስለዚህ መድረክ ላይ በምትጠቀሙበት ቅኝት ለኩ፤ ወይም ወፈር ያለ ክር እሰሩ። የክር ውፍረት በለወጣችሁ ቁጥርም ልኬቱን መድገም አይቀርም።

ትራስ ሮዱ የሚዞረው በአንገቱ ሥር ሆኖ አንገቱን መፍታት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ወይም ዳዶው ከተበላ፣ አምጡልን። ልኬት ብቻ ለማየት አናስከፍልም። ስትመጡ ክሮቹን አትፍቱ፣ በምትጫወቱበት ቅኝት ይቆዩ፤ የትኛው ክር በየትኛው ፍሬት እንደሚዝዝ፣ ትራስ ሮዱንም አዙራችሁት ከሆነ ወደ የትኛው ጎን ምን ያህል እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ከሻንጣው ውስጥ አስቀምጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ